ቆርቆሮ፣ ጭቃ ቤትና ብሎኬት፦ የከተማ ዳር ሜዳ ማስረጀት ከየት ይጀመር?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። በጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ 28 ሚሊ ሜትር የሚያህሉ ትንንሽ የወታደር ምስሎች የሚቆሙበትን ሜዳ ስለማስረጀት፣ ማለትም በቀለምና በአፈር ያረጀ ስለማስመሰል ነው የምጽፈው። ሜዳው የአዲስ አበባ ዳርቻ ነው፤ ከአቃቂ ወደ ገላን ወይም ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ ስንወጣ የምናየው ዓይነት፦ የቆርቆሮ አጥር፣ ጭቃ ቤት፣ ጣሪያ ያልደረሰለት የብሎኬት ግድግዳ፣ ከጀርባው ባህር ዛፍ። ቁራጮቹ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ መጠኑ 1 ለ56 ነው፣ ማለትም ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 56 ጊዜ ያንሳል።

አቋሜን ላስቀድም። አብዛኛው ሰው ማስረጀት ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ዝገት ነው፤ ብርቱካንማ ቀለሙን ይዞ ጣሪያው ላይ ይወጣል። እኔ ግን የዳር ከተማ ቤት የሚያረጀው ከእግሩ ነው እላለሁ። የክረምት ዝናብ ከጣሪያው ጫፍ ወርዶ መሬት ሲመታ የሚረጨው ጭቃ ግድግዳውን እስከ ግማሽ ሜትር ድረስ ያለብሰዋል፤ በ1 ለ56 ሲሰላ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ይህ የጭቃ ቀበቶ በሁሉም ቤትና አጥር ላይ በአንድ ዓይነት አፈር ካልተሠራ ቁራጮቹ አንድ ሰፈር አይመስሉም። ስለዚህ ሥራው ከጭቃው ይጀመር። ያልተስማማ ያርመኝ። በዚያውም በክረምት ማት (የማያንጸባርቅ) ቫርኒሽ እየነጣ ሲያስቸግር መፍትሔውን የምታውቁ ጻፉልኝ።

(የመጡትን ምላሾች ኋላ ለሚደርስ አንባቢ እንዲመች በየቁጥራቸው በራሴ አባባል አስቀምጫለሁ።)

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ተስማምቶ፣ ከጭቃውም ከዝገቱም በፊት የሚመጣውን ነገር አነሳ፦ ፎሙን ማሸግ። ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣው ነጭ ፎም በስፕሬይ ቀለም ከተነካ ይቀልጣል፤ የሚበላው በስፕሬዩ ውስጥ ያለው ቲነርና ጋዝ ነው። ስለዚህ ሦስት እጅ ጥቁር የግድግዳ ውሃ ቀለም፣ አንድ እጅ ኮላ፣ ግማሽ እጅ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ቀላቅሎ ሁለት ጊዜ መቀባት፣ በመካከሉም አንድ ሌሊት ማሳደር ይገባል ብሏል። አሸዋው ለጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ በኋላ ደረቅ ብሩሽ (ቀለሙ ተጠርጎ ጥቂት ብቻ የቀረበት ብሩሽ) ሲሄድበት ቀለሙ የሚይዝበት ሻካራ ገጽ ይሰጣል።

ምላሽ 2 እና 3። ሁለተኛው አመስግኖ አንድ ጊዜ ብቻ ቢቀባስ ሲል ጠየቀ። ሦስተኛው አይበቃም አለ፤ ነጩ ፎም የእንክብሎች ጥርቅም ስለሆነ በእንክብል መካከል መርፌ የምታክል ቀዳዳ ከቀረች ስፕሬዩ በእሷ ገብቶ ከቅርፊቱ ሥር ዋሻ ይከፍታል፤ ላዩ ደህና ስለሚመስል የሚታወቀው ጣት ሲጫነው ነው።

ምላሽ 4። ውይይቱን ያዞረው ይህ ነው፤ ትንሽም ኮምጠጥ ያለ ነበር። መላሹ የጭቃውን ቀበቶ አልተቃወመም፤ የተቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። በተፈጥሮ መጨረሻ የመጣ ነገር በቀለምም መጨረሻ ይመጣል፤ ጭቃው በየክረምቱ ይታደሳል፣ ዝገቱ ግን የዓመታት ነው፤ ስለዚህ ጭቃው በዝገቱ ላይ እንጂ ከሥሩ አይገባም። ቀጥሎም ከውጭ ቪዲዮ የተቀዳ የዝገት አሠራር ለእኛ ቆርቆሮ ለምን እንደማይሆን በዝርዝር አስረዳ። ቪዲዮዎቹ የሚያሳዩት ብዙውን ጊዜ ራቁት ብረት ነው፤ የጣሪያና የአጥር ቆርቆሮ ግን ዚንክ የለበሰ ነው፤ ዚንኩ ተበልቶ እስኪያልቅ ብረቱ አይዝግም። ቶሎ የሚያልቀው ደግሞ ሚስማር የበሳው፣ መቀስ የቆረጠው፣ ሁለት ቆርቆሮ ተደራርቦ ውሃ ያቆረበት ቦታ ነው። ጣሪያ ላይ ሚስማሩ የሚመታው በሞገዱ ጀርባ ላይ እንጂ በቦዩ ውስጥ አይደለም፤ ውሃ እንዳይገባ። ስለዚህ የዝገቱ ነጥብ ጀርባው ላይ ተነሥቶ ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል። አጥር ላይ ሚስማሮቹ ማገሩን ተከትለው በአግድም ይሰለፋሉ፤ ማገሮቹ በአንድ ሜትር ርቀት ካሉ በየ18 ሚሊ ሜትሩ አንድ የነጥብ ረድፍ ይወጣል። ከዚህ ውጭ ባለው የቆርቆሮው ሆድ ላይ ዝገት የሚረጭ ሰው ቆርቆሮ አላየም ማለት ነው ብሎ ዘጋ።

እኔም በዚህ ላይ የምጨምረው አለኝ፦ ቀበቶው በመጨረሻ ቢቀባም ቁመቱ በእርሳስ መጀመሪያ ይሰመር። ያለዚያ አንዱ ቤት 5፣ ሌላው 15 ሚሊ ሜትር ይሆንና ሰፈሩ ይበተናል።

ምላሽ 5። ቆርቆሮውን እንዴት እንደሚሠሩት ለጠየቁ፦ የእውነተኛው ቆርቆሮ ሞገድ ከጀርባ እስከ ጀርባ 76 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ በ1 ለ56 ወደ 1.4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፊሌቶ (እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት የብረት ዘንግ) ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5፣ ባለ 8ቱ 1.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱም ይሆናሉ። ከምግብ መያዣ የአልሙኒየም ሳህን ጠፍጣፋውን ቆርጦ፣ ከሥሩ የላስቲክ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ፊሌቶውን በሁለት እጅ እየተጫኑ አንድ ጊዜ ማንከባለል። ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ጥርሱ አዲስ መስመር ያወጣና የመጀመሪያውን ያበላሸዋል። ባለ ሁለት ሜትር ቆርቆሮ በዚህ መጠን 36 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ምላሽ 6። ለአምስተኛው እርማት። ፊሌቶ ጠመዝማዛ ስለሆነ መስመሮቹ ቀጥ ብለው አይወጡም፤ ወደ ሦስት ዲግሪ ያጋድላሉ። ሳህኑ በጠርዙ ልክ ከተቆረጠ ጣሪያው ሁሉ ጠማማ ይመስላል። መፍትሔው ሰፋ አድርጎ አንከባሎ፣ ከዚያ ማስመሪያውን በሞገዱ ላይ አስተካክሎ በካተር መቁረጥ ነው። አምስተኛው መጥቶ አመሰገነ።

ምላሽ 7። በአሁኑ የዳር ሰፈር ውስጥ ግማሹ ቤት ኢጋ ቆርቆሮ ነው ሲል አስታወሰ። የኢጋ ጀርባ ጠፍጣፋ ስለሆነ በፊሌቶ አይወጣም፤ ቀጫጭን የካርቶን ዘንጎችን በወረቀት ላይ በእኩል ርቀት መለጠፍ ይሻላል። እርጅናውም ሌላ ነው፦ ቀለሙ በፀሐይ ይደበዝዛል፣ ሲጫጫር መጀመሪያ ብር ይታያል፣ ዝገቱ የሚመጣው ጭረቱ ውስጥ ብቻ ነው።

ምላሽ 8። ስለ ብሎኬት ቤቱ። አንድ ብሎኬት 40 በ20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ1 ለ56 7 በ3.5 ሚሊ ሜትር። ፎም ላይ የሚቀረጸው ብሎኬት ከዚህ በእጥፍ ተልቆ ሲሠራ ይታያል፤ ያኔ ቤቱ ያንስና ወታደሩ ግዙፍ ይመስላል። ከኮሎኑ አናት የሚወጣው ፌሮም እንዲሁ፦ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በዚህ መጠን 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ሽቦ ከተተከለለት የውሃ ቧንቧ ነው የሚመስለው። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የሚወጣው ቀጭን የመዳብ ክር ልኩ ነው። በምላሽ 4 ላይም አንድ ነገር ጨመረ፤ ፌሮ ዚንክ የለውም፣ ስለዚህ ዳር እስከ ዳር እኩል ይዝጋል፤ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶም በዝናብ የታጠበ ቡናማ እንባ ይወርድበታል። በአንድ ቁራጭ ላይ ሁለት ዓይነት ዝገት ጎን ለጎን ሲታይ ነው ዓይን የሚያምነው። ከዚህ ውይይት አንድ ምላሽ ብቻ የሚያነብ ካለ ይህን ያንብብ።

ምላሽ 9። የዝገቱ አሠራር ደረጃ በደረጃ። ቆርቆሮው በጠቆረ ግራጫ ይቀባል፣ ከዚያ በመካከለኛ ግራጫ ደረቅ ብሩሽ ይሄድበታል። የብር ቀለም ለአሮጌ ቆርቆሮ አይሆንም፤ ዚንክ በአየርና በዝናብ ደብዝዞ ነው የሚኖረው። ብር የሚገባው ከስምንት ቆርቆሮ ለአንዱ ነው፣ በቅርቡ ለተተካው። ቀጥሎ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁር ቡናማ ተወስዶ በተቦጨቀ ስፖንጅ ጫፍ ጠርዞቹ ይነካሉ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር እንጂ ከዚያ አይገባም። ስፖንጁ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ተመትቶ ቀለሙን ካልጨረሰ ነጥብ ሳይሆን ማህተም ያትማል። ሚስማሮቹ በስቴኪኒ ጫፍ። ሲደርቅ ስስ ቡናማ ከየሚስማሩ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ይጎተታል፤ እየወረደ መሳሳት አለበት። ብርቱካንማው የመጨረሻው ነው፤ የሚያርፈውም ከጥቁሩ ቡናማ ሲሶ በማይሞላ ቦታ ላይ ነው። ጥቁሩ የቆየ ዝገት፣ ብርቱካንማው ዘንድሮ የወጣ ነው።

ምላሽ 10። ለተላጠ ቀለም የፀጉር ስፕሬይ ይሻላል አለ። የዝገት ቀለም፣ ሁለት ጊዜ የፀጉር ስፕሬይ፣ ከላይ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም)፤ ይህ እንደደረቀ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በውሃ በራሰ ጠንካራ ብሩሽ ማሸት። ሲያድር አክሪሊኩ ይጠነክርና ፈቅዶ አይላጥም።

ምላሽ 11 ደረቅ ጨው ረጭቶ፣ ቀለም ነፍቶበት በኋላ ማራገፍ ይቀላል ሲል፣ ምላሽ 12 በቁጣ መጣበት። ጨው በደንብ ካልታጠበ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ ከቫርኒሹ ሥር ነጭ ሻጋታ የሚመስል ነገር ያወጣል፣ ቁራጩም ተበላሽቶ ይቀራል፤ ይህን ሳይናገሩ ለጀማሪ መምከር ሰውን ማክሰር ነው አለ። አሥራ አንደኛው ሁለት ጊዜ በለብታ ውሃ ከታጠበ ችግር የለም ሲል ተከላከለ። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው፤ ግን የወረቀትና የካርቶን ግድግዳ ሁለት ጊዜ አይታጠብም፣ ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ቤት አሥራ ሁለተኛውን እሰማለሁ።

ምላሽ 13። ስስ የዘይት ቀለም በስንጥቅ ውስጥ ማፍሰስ ለሚፈልግ፦ ማቅጠኛው አኳራጅ ይሁን፣ ቲነር አይሁን። ቲነር ከሥር ያለውን አክሪሊክም ፕላስቲኩንም ያነሳል። አኳራጅም ቢሆን አንጸባራቂ ቫርኒሽ ከተቀባና ካደረ በኋላ ብቻ። በውሃ ለሚሠራ ደግሞ አንድ እጅ አክሪሊክ በአሥር እጅ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፤ ሳሙናው ከሌለ ውሃው እየተንከባለለ ስንጥቁን ይዘለዋል።

ምላሽ 14። ጭቃ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነበር የጻፈው። የአጠና ውፍረት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ስቴኪኒ ቁርጥ ልኩ ነው፤ ማገሩ ስንደዶ ይሁን። ግድግዳው 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ምርጊቱ የተነፋ አፈርና ኮላ ነው፤ እውነተኛ ጭድ ግን አይጨመርበት፤ የጤፍ አገዳ በዚህ መጠን አጠና ያክላል። በምትኩ ቃጫ በ2 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይከተፍ። ምርጊት የሚወድቀው ከማዕዘንና ከመስኮት ሥር ነው፤ አንድ 10 በ15 ሚሊ ሜትር የሆነ ቦታ ሳይመረግ ቀርቶ ማገሩ በአግድም፣ ስቴኪኒው በቁም ይታይ። የስንጥቁም መንገድ ማገሩን ይከተላል እንጂ እንደ ሸረሪት ድር በየአቅጣጫው አይሄድም። በተጨማሪም መነሻ ጽሑፉ የዘለለውን አነሳ፦ አሸንዳ ያለው ቤት የጭቃ ቀበቶው ይሳሳል፣ ጭቃው የሚበዛው የአሸንዳው ውሃ በሚወርድበት ማዕዘን ብቻ ነው።

ምላሽ 15። አፈር ከጓሮ አምጥቶ መለጠፍ በቂ ነው የሚል አጭር ምላሽ መጣ። ምላሽ 16 አልማረውም። ያልታመሰ አፈር የነፍሳት እንቁላልና የአረም ዘር ይዞ ይገባል፤ እርጥብ ኮላ ሲያገኝም ይሻግታል። መጀመሪያ በስቶኪንግ ይነፋ፣ ከዚያ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ በሆነ ምድጃ ለግማሽ ሰዓት ይታመስ፤ ምግብ የሚበሰልበት ዕቃ ላይ በፍጹም አይሁን። የቡና አተላ ለሚጠቀሙም ሕጉ ያው ነው። ሌላው ነገር ቀለሙ ነው፦ ለአቃቂና ለገላን ሜዳ ቀይ አፈር የሚያፈስ ሰው አካባቢውን አያውቅም፣ እዚያ ያለው ጥቁር ኮትቻ ነው፤ ቀይ ቡናማው ወደ እንጦጦ በኩል ነው። አነጋገሩ ይጎመዝዛል፣ ነገሩ ግን ትክክል ነው።

ምላሽ 17። ከኮትቻው ጋር የተያያዘ፣ ለእኔ ትልቁ ስጦታ። ኮትቻ ሲርስ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ይህ ባሕርይ በትንሹም ይሠራል። የተነፋ ኮትቻ አምስት እጅ፣ ኮላ አንድ እጅ፣ እንደ አጥሚት እስኪሆን ውሃ፤ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተቀብቶ በጥላ ይደርቅ። ስንጥቁ ራሱ ይመጣል። ኮላው ሲበዛ ስንጥቅ የለም፤ ሲያንስ ቅርፊቱ ጠርዙን አጥፎ ይነሳል። የቅርፊቱን ስፋት የሚወስነው ውፍረቱ ነው፣ ወፍራም ሲሆን ቅርፊቱ ይተልቃል። ከሥር አሸዋ በኮላ ተለጥፎ ሻካራ ካልሆነ አይቆነጥጥም። አፈሩ ከኮላ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፣ ስለዚህ ከደረቀ በኋላ ጠርዞቹን ፈዘዝ ባለ ግራጫ ደረቅ ብሩሽ መንካት ያስፈልጋል። ሰሌዳው ካርቶን ከሆነ ኮትቻው እየጠበበ ያጎብጠዋል፤ 3 ሚሊ ሜትር ኤም ዲ ኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ይሁን፣ ከሥሩም ቀለም ይቀባ።

ምላሽ 18 እና 19። ወሬው ወደ ባህር ዛፍ ሸሸ። አሥራ ስምንተኛው ክብ አናት ያለው ዛፍ ተክሎ ባህር ዛፍ ነው ማለት ይቅር አለ። የዳርቻው ባህር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቆጠ ነው፤ ከአንድ ጉቶ አራት አምስት ቀጫጭን ግንድ ይወጣል፣ ግንዱ ፈዛዛ ሆኖ ቅርፊቱ በረጅሙ ይላጣል፣ ለጋው ቅጠል ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የደረሰው ረጅምና የተንጠለጠለ ነው። አሥር ሜትር ዛፍ 18 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቀጣዩ ያን ያህል ረጅም ዛፍ ጨዋታ ያውካል፣ ሲነካ ይወድቃል ሲል ተከራከረ፤ ግንዶቹ በማግኔት ይነሱ ብለው ተስማሙ።

ምላሽ 20። አንዱ ደግሞ ይኸው ሰሌዳ ለሰገሌ ጦርነት ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። ምላሽ 21 በአክብሮት ግን በቁርጥ መለሰለት። ሰገሌ ንጉሥ ሚካኤል የተማረኩበት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው፤ ለዚያ ሜዳ ቆርቆሮውም ብሎኬቱም መነሳት አለበት፣ ባህር ዛፉም እንዲሁ፤ ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ መጀመሪያ የተስፋፋው አዲስ አበባ ዙሪያ ነውና። የሚቀረው መሬቱ ነው፣ እሱም ቀለሙን መለወጥ አለበት። በጥቅምት ዝናቡ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሣሩ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከጫፉ ቢጫ ነው። ሰጋቱራ በሁለት ቀለም ነክሮ፣ አረንጓዴውን መጀመሪያ፣ ቢጫውን ላዩ ላይ መነስነስ። የጎጆውን ክዳን በቃጫ ለሚሠራ፦ ያረጀ ሣር ግራጫ ነው፣ ቢጫ አይደለም፤ ወደ ጉልላቱ ሲጠጋ ከውስጥ በሚወጣው ጭስ ይጠቁራል።

ምላሽ 22። የቫርኒሹ ጥያቄ እዚህ ተመለሰ። ስፕሬዩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ጤዛ ይይዝና ይነጣል። በክረምት ቀትር ላይ ፀሐይ ስትወጣ ብቻ፣ ጣሳውን ለብታ ውሃ ውስጥ አቆይቶ እንጂ እሳት ሳያስጠጉ፣ ሁለት ደቂቃ አናውጦ፣ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ በስሱ መንፋት። ያልተናወጠ ማት ቫርኒሽ ያለ እርጥበትም ይነጣል፤ የሚያደበዝዘው ዱቄት ከሥር ስለሚቀር ነው። የነጣ ቁራጭ በደረቅ ቀን አንጸባራቂ ቫርኒሽ በስሱ ተነፍቶበት፣ ሲደርቅ እንደገና ማት ቢደረግለት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ የሚሠራ ሰው ግን ስፕሬዩን ትቶ በብሩሽ የሚቀባ የውሃ ቫርኒሽ ይያዝ።

ምላሽ 23። ከሱሉልታ የሚጽፈው ብርዱን አስታወሰ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ኮላም ውሃ ቀለምም ሳይያያዝ ይደርቃል፣ በማግስቱ እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል፤ ማታ የተቀባ ቁራጭ በረንዳ ላይ አይደር። የአፈር ዱቄትም ቫርኒሽ ሲነፋበት ስለሚጠፋ ከቫርኒሹ በኋላ ይደረግ፣ የፋርማሲ አልኮል በሲሪንጅ ጠብ ጠብ ተደርጎበት ይያዝ፤ ምስሎቹ በሚቆሙበትና እጅ በሚነካው ቦታ ግን አይደረግ፣ አልኮል ብቻውን ለዚያ አይበረታም።

ምላሽ 24። የመጨረሻው ጠያቂ ቁራጮቹን ደርድሮ በፌስታል መጠቅለል ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ምላሽ 25፦ ቫርኒሹ ሳምንት ሳይሞላው ፌስታል ይጣበቅበታል፣ ሲነሳም ዝገቱን ይዞ ይነሳል። ካርቶን ውስጥ ይቀመጥ፣ በመካከሉ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ይግባ፣ ፌሮ ያላቸው ቁራጮች ከላይ ይሁኑ።